የመጨረሻው ቆርቆሮ ከመመታቱ በፊት

ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። ይህ የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው።

ተረት ቢሆን ኖሮ መጨረሻውን አሳምሬ በነገርኋችሁ።

ቦታው አስመራ፣ ፓራዲዞ ሰፈር ነው። ዘመኑ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ የንጉሡ ባንዲራ ብቻ የሚውለበለብበት ዘመን። ሰዓቱ ደግሞ... ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት። ጨለማ ነበረ እንዳትሉኝ። ፀሐይ ገና ጣራ ላይ ነበረች።

እኔ የሰማሁት ከባለታሪኳ ከፍረወይኒ አፍ ነው። ከመካከላችሁ አጥር ሊያሳጥር የሚያስብ ካለ፣ ይህን ሰምቶ ያሳጥር።

ሰው አጥር ሲያስብ ስለ እንጨቱ ይጠይቃል። ስለ ቆርቆሮው ይጠይቃል። ብልህ የሆነው ደግሞ ጎርፍ በየት በኩል እንደሚወርድ ይጠይቃል። መልካም ነው፣ ይጠየቅ። ግን አንድ የሚቀር ጥያቄ አለ...

እሱን ፍረወይኒም አልጠየቀችም።

ረስታው አይደለም። ፈርታ ነው።

ፍረወይኒ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት ማኪናዋ ቤቷ ውስጥ ነው። ባሏ ንጋሲ አውቶቡስ ይነዳል። ልጃቸው አንዲት ብቻ ናት፣ ጽገ ትባላለች፣ የአራት ዓመት ልጅ። ከጽገ በፊት ፍረወይኒ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ስለዚህ ይህቺ ልጅ ስታስነጥስ እናትየዋ መርፌዋን ጥላ ትነሣ ነበር።

ገብተው የሚኖሩበት ቤት ከከተማው ዳር ነው። ግቢው የታጠረው በበለስ ቁልቋል ነበር። አርጅቶ፣ ሳስቶ፣ እዚህም እዚያም ወድቋል። በኣደይ ኣበበች ግቢ በኩል፣ ማለት በአሮጊቷ ጎረቤታቸው በኩል፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ክፍት አለ። በኮረብታው በኩልም ሌላ ክፍት አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ግቢውን አቋርጦ የሚሄድ ቀጭን መንገድ ነበር።

ክረምት ከበጋ ሣር አይበቅልበትም።

ኣደይ ኣበበች ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በክፍቱ ሥር አንድ ጣሳ ውኃ ታስቀምጣለች። ጠዋት ጣሳው ባዶ ነው።

ፍረወይኒ ይህን ሁሉ አየች። አልጠየቀችም።

አትፍረዱባት፣ ልጆቼ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ወጣቱ ከትምህርት ቤት እየጠፋ በረሃ ይገባል። ወታደሩ በመኪና ሲዞር ይውላል። ጎረቤትሽ ለማን ነው ውኃ የምታስቀምጠው? አላየሁም። በግቢሽ የሚያልፈው ማን ነው? አልሰማሁም። የማያውቅ ሰው ቢገረፍ እንኳ የሚያወጣው የለውም። ያን ጊዜ ጥሩ ጎረቤት ማለት የማይጠይቅ ጎረቤት ነበር።

"የእናት ልጆች ናቸው፣ ይለፉ" አለች በሆዷ። ዝም አለች።

ጽገ ግን ያን ቀጭን መንገድ ወደደችው። ሌላ ቦታ አትጫወትም። አንድ ቀን በኮረብታው በኩል ወጥታ ጠፋች። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሲፈልጋት፣ ከጅብ ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኟት።

ያን ዕለት ፍረወይኒ ለባሏ "አጥር" አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አጥር ሠሪው ኢንድሪስ የሚባል የወሎ ሰው ነው። ሥራው ጠንካራ፣ አፉ ከሥራው የበለጠ ጠንካራ።

"እኅቴ፣ ይሄ በለስ አጥር ነው ብለሽ ነው? ለጅብ መጋረጃ ነው እንጂ!"

"እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ፣ ጋሼ ኢንድሪስ።"

"እየሠራሁ አይደል? አፌ ከተዘጋ እጄም ይዘጋል፤ ተያይዘው ነው የተፈጠሩት።"

ጽገ ትስቅለታለች። እሱም ለእሷ ሲል ምስማሩን በጢሙ ውስጥ ይደብቃል።

ሥራውን ግን አላህ ያውቃል፣ አላጭበረበረም። የባሕር ዛፉን ቋሚ እግር እግሩን በእሳት ለበለበው፤ ምስጥ እንዳይደፍረው የተቃጠለ ዘይት ቀባው። ለጎርፉ መውጫ አበጀ። በመንገዱ በኩል የብረት በር አቆመ። ከዚያ ቆርቆሮውን ዙሪያውን ሲመታ ሰንብቶ፣ በመጨረሻ ኣደይ ኣበበች ግቢ ጋ ደረሰ።

እዚያ ሲደርስ መዶሻውን አወረደ።

"ጎረቤትሽን አማክረሻል?"

"ድንበሩ የታወቀ ነው።"

"ስለ ድንበር አላልሁም። ይሄ መንገድ የተረገጠ መንገድ ነው። ትንሽ በር ልተውለት?"

ፍረወይኒ ወደ ጎዳናው ገልመጥ አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ...

"ስለ እሱ አይናገሩ።"

"ለምን?"

"አይናገሩ አልሁ እኮ።"

ኢንድሪስ ገባው። የገባው መሰለው ማለት ይሻላል። እሱም እንደ እሷ የዘመኑ ሰው ነው።

"አብሽሪ" አለ በሹክሹክታ። "እኔም አላየሁም።"

ያ ሰዓት ነው ያልኋችሁ ሰዓት። ዐሥራ አንድ።

አንድ ቆርቆሮ ብቻ ቀረ። ኢንድሪስ ክፍቱ ላይ ቆመና፣ "እኛ አገር በረት ሲዘጋ አባወራው ይጠየቃል" አላት። "እኔም አጥር ስዘጋ እጠይቃለሁ፤ የአባቴ ደንብ ነው። 'የቀረ አለ?' ስልሽ፣ 'ሁሉ ገብቷል፣ ዝጋ' በይኝ። ሌላ አትጨምሪ።"

"እሺ፣ ይጠይቁ።"

ፍረወይኒ ጽገን እጇን ይዛ ቆመች። ሆዷ ግን ከአጥሩ ማዶ ነበር። እነዚያ በረሃ ያሉ ልጆች በኣደይ ኣበበች ቤት ተደብቀው ይሰሙ ይሆናል። "ይህቺ ሴት መንገዳችንን ዘጋችብን፣ ጠላት ናት" ቢሉስ?

"የቀረ አለ?" አለ ኢንድሪስ።

"ሁሉ ገብቷል፣ ይዝጉ" አለች። ከዚያም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ማዶ እንዲሰማላት... "የቀረም ካለ ይግባ! ቤቱ የሰው ቤት ነው።"

ኢንድሪስ ምስማሩን በጥርሱ እንደ ነከሰ ቀረ።

"ምን አልሽ?"

"ለሰላምታ ነው።"

ግቢውን ቃኘ። ማንም የለም። ንፋስ እንኳ የለም።

መታው።

በዚያች ቅጽበት ጽገ ከቀጭኑ መንገድ ላይ ገለል አለች። አንዲት እርምጃ ወደ ጎን።

ለሰው መንገድ እንደሚለቅ ሰው።

በማግሥቱ ዶሮዎቹ ከቆጣቸው አልወረዱም። ፍረወይኒ እህል በተነችላቸው። ከላይ ሆነው አዩት...

አልወረዱም።

ከሰዓት በኋላ ማኪናዋ ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ ድምፅ ሰማች።

ትርርርርር...

ልጅ ጣቱን በቆርቆሮ ሽንሽን ላይ እየጎተተ ሲሮጥ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ያለ ድምፅ።

"ጽገ፣ ተይ!"

"እኔ አይደለሁም ማማ።"

ድምፁ የመጣው ከእግሯ ሥር ነው። ጽገ ከማኪናው በታች ቁጭ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች።

ትርርርርር...

ከጓሮ ጀመረ። በጎን መጣ። በፊት ለፊት አለፈ። የብረት በሩ ጋ ሲደርስ ያቆማል ብላ ጠበቀች። አላቆመም። በሩን እንደ ሌላው ቆርቆሮ ዳስሶት አለፈ። ዞሮ ዞሮ ወደ ጓሮ ተመለሰ።

እንደገና ጀመረ።

ወጣች። ማንም የለም። ግን አዲሱ ቆርቆሮ ላይ የተኛው አቧራ፣ በትከሻዋ ልክ፣ በቀጭን መስመር ተጠርጓል። ዙሪያውን። ሳይቋረጥ።

በውስጥ በኩል።

ንጋሲ ሲገባ ነገረችው። አንገቱን ነቀነቀ። "ቆርቆሮ ነው፣ ፍረ። ፀሐይ ሲመታው ይንቋቋል።"

"ፀሐይ አቧራ ይጠርጋል?"

"ልጅቷ ነካክታው ይሆናል።"

"በእኔ ትከሻ ልክ?"

ንጋሲ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ መስመሩ ዝቅ አለ። መጀመሪያ ክንዷ ልክ ሆነ። ቀጥሎ ወገቧ ልክ። ድምፁም እየዘገየ ሄደ። ትርር... ትርር... የሚሮጥ ሳይሆን የሚጎተት ድምፅ ሆነ።

"ደክሞታል" አለች ጽገ አንድ ቀን፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ።

"ማን ነው የደከመው፣ የኔ እናት?"

ጽገ ውኃ ጠየቀች። ሰጠቻት። ጨመረች። ደገመች። ያቺ አንድ ኩባያ የማትጨርስ ልጅ እንስራውን ልትጋተው ደረሰች። ፍረወይኒ እንስራውን ስትከድንባት፣ ወጥታ ከዶሮዎቹ የውኃ ዕቃ በመዳፏ ስትጨልፍ አገኘቻት።

ከንፈሯ ግን ደረቅ ነበር።

የተሰነጣጠቀ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ነው ከአጥሩ ማዶ የተጠራችው።

"ፍረ... ጓለይ... ልጄ..."

ኣደይ ኣበበች ናት። አፏን ከቆርቆሮው ገጥማ ታንሾካሹካለች።

"አቤት፣ ኣደይ?"

"ቀስ በይ። ውኃው እንዳለ ነው። ይህ ከተዘጋ ወዲህ አልተነካም።"

ፍረወይኒ ግራ ቀኟን አየች። "ኣደይ፣ ልጆቹ በሌላ መንገድ ይሂዱ። እኔ ለማንም አልተነፈስሁም። በማርያም።"



"የትኞቹ ልጆች?"

"እነዚያ... የበረሃዎቹ።"

"ኣይፋል፣ ጓለይ!" አለች አሮጊቷ። "ኧረ አይደለም። ይህ ልጅ አይደለም። በጣሊያን ጊዜ ያልፍ ነበር። ከጣሊያን በፊትም ያልፍ ነበር። እናቴም ውኃ ታስቀምጥለት ነበር።"



"ማን ነው?"

"እናቴን አልጠየቅኋትም።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ዝም ስትይ ያወቅሽ መሰለኝ። አስተዋይ ናት ብዬ አከበርሁሽ።"

አያችሁ ልጆቼ? ሁለት ደጋግ ሴቶች። አንዷ እንዳትጎዳ አልጠየቀችም፣ አንዷ እንዳትደፍራት አልነገረችም። በመካከላቸው ቆርቆሮ ተመታ።

"በሩ አለ፤ ለምን በበሩ አይወጣም?" አለች ፍረወይኒ።

"እሱ በር አያውቅም። የሚያውቀው መንገዱን ነው። ፍረ... ጽገ የት ናት?"

ዞረች።

ጽገ በኮረብታው በኩል፣ ድሮ ክፍቱ በነበረበት ቦታ፣ ፊቷን ወደ ቆርቆሮው አድርጋ ቆማለች። መዳፏን አሳርፋበታለች። መስመሩ ወርዶ ወርዶ ከመዳፏ እኩል ደርሷል።

ከመዳፏ አጠገብ ደግሞ... ማንም ሳይነካው... አቧራው ቀስ ብሎ እየተጠረገ ነበር።

ፍረወይኒ አልጮኸችም። ሮጣ አነሣቻት፣ ጀርባዋ ላይ አደረገቻትና ወደ በሩ በረረች። ባሌ ይምጣ፣ ቄስ ይምጣ፣ ብቻ ከዚህ ግቢ ልውጣ!

በሩን ከፈተች። አንድ እግሯን አወጣች።

ጽገ ከበደች።

እንቅልፍ እንደ ወሰደው ልጅ አይደለም። ጀርባዋ ላይ ሌላ ሰው የተደረበ ያህል። ወገቧ ሊቆረጥ ሆነ። አንድ እርምጃ ስትመለስ ቀለላት። ደግማ ስትሞክር ከበደ። ጆሮዋ ሥር ጽገ ታለቅሳለች።

"አታስወጪኝ ማማ... ብቻውን ነው።"

ፍረወይኒ ተመለሰች። አፏን ቆርቆሮው ላይ ገጠመች።

"ኣደይ፣ ኢንድሪስን! ፌርማታው አጠገብ ነው የሚሠራው። በፈጠረዎት!"

ያቺ አሮጊት ነጠላዋን ሳታስተካክል ስትሮጥ ያዩ ሰዎች ዛሬም ያወራሉ።

ኢንድሪስ መጣ። እንደ ወትሮው ቀልዱን ይዞ ነበር የመጣው። "ምነው፣ አጥሬ አስቀየመሽ እንዴ?" ሊል አፉን ከፈተና... ድምፁን ሰማ።

ትር... ትር... ትር...

ቆርቆሮው ግርጌ፣ መሬት ለመሬት።

ኢንድሪስ ወደ ፍረወይኒ ዞረ።

"የዚያን ቀን... 'ይግባ' ነው ያልሽው?"

"ነው።"

"ኧረ በአላህ፣ እኅቴ..."

ጉጠቱን አወጣ። መጀመሪያ የጎረቤቱን፣ ቀጥሎ የኮረብታውን ቆርቆሮ ነቀለ። ሲቸኩል ምስማሩ ሁሉ ይጣመምበታል። ሁለቱ ክፍት ፊት ለፊት ሲተያዩ፣ ኣደይ ኣበበች በራሷ በኩል ቆመች፤ ወደ ውስጥ አልገባችም።

"ያስገባሽው አንቺ ነሽ፣ ጓለይ። አንቺው አሰናብቺው። የልጅሽን እጅ ግን እንዳትለቂ። ቢጎትትሽም እንዳትለቂ።"

ፍረወይኒ ቀጭኑ መንገድ ዳር ቆመች። የጽገን እጅ ጨበጠች። ዓይኗን ኮረብታው ላይ ተክላ ተናገረች።

"መንገዱ... ተከፍቷል። አላወቅሁም ነበር። በሰላም ሂድ።"

ድምፁ ቆመ።

ንፋሱም ቆመ። ዶሮዎቹ እንኳ ትንፋሻቸውን የያዙ መሰለ።

ከዚያ ከጓሮ ጀመረ... ትር... በጎን... ትር... ትር... እየቀረበ... ኮረብታው በኩል ያለው ክፍት ጋ ደርሶ ዝም አለ።

የጽገ እጅ ተጎተተ።

"አልለቅም" አለች ፍረወይኒ በጥርሷ።

እንደገና ተጎተተ። ትከሻዋን እስኪያማት። ዓይኗን ጨፈነች። ጥፍሯ ሥጋ ውስጥ እስኪገባ ጨበጠች። ማርያምን ጠራች፣ ጊዮርጊስን ጠራች፣ እናቷን ጠራች።

ላላ።

ድንገት ላላ። ገመድ የተቆረጠ ያህል።

ዓይኗን ገለጠች። ከክፍቱ ማዶ የደረቀው ሣር በቀጭኑ እየተኛ፣ እየተኛ፣ ወደ ኮረብታው ወጣ።

"አለፈ" አለች ኣደይ ኣበበች፣ ግድግዳዋን ተደግፋ። "ተመስገን፣ አለፈ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ኢንድሪስ። ጎንበስ ብሎ የወደቀ ምስማር መልቀም ጀመረ።

ፍረወይኒ እንባዋ ወረደ። ትንሿ እጅ በእጇ ውስጥ አለች። አልለቀቀችም። አልተነጠቀችም።

ያን ጊዜ ከኮረብታው ጥሪ መጣ።

"ፍረወይኒ! ኧረ ፍረወይኒ!"

ንጋሲ ነው። ከሥራ መመለሱ ነው፤ ብስክሌቱን ይዞ በአቋራጩ ይወርዳል። እጁን ወደ ላይ፣ ወደ ኮረብታው አናት ይጠቁማል።

"ጽገ ብቻዋን ወዴት ነው የምትሄደው? አጠገቤ አለፈች! ስጠራት እንኳ አልዞረችም!"

ብስክሌቱን ወረወረ። ወደ ላይ መሮጥ ጀመረ።

ፍረወይኒ በክፍቱ አየች። ከባሏ በላይ፣ ከድንጋዮቹ መካከል፣ ራሷ ለጽገ የሰፋችው ቀይ ቀሚስ ይወጣል። ትንሽ ልጅ ናት። አንድ እጇን ወደ ላይ አንሥታለች... ረጅም ሰው እየመራት እንደሚሄድ።

ኢንድሪስ ምስማሩን ለቅሞ ቀና አለ።

ኮረብታው ላይ የምትወጣዋን ልጅ አየ። ከዚያ ከፍረወይኒ ጎን፣ ወደ ታች፣ አየ።

የለቀመው ምስማር ሁሉ ከእጁ ፈሰሰ።  ወደ ኋላው አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለት ሄደ፣ በጀርባው ክፍቱን ፈልጎ ወጣ።

ኣደይ ኣበበች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ፍረወይኒ ግን ወደ ታች አላየችም።

ያቺ ትንሽ እጅ አሁንም በእጇ ውስጥ ነበረች። ትሞቃለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈችና...

የእናትን እጅ እንደሚይዝ ልጅ፣ ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።